በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ኤፌሶን 4፥26ን አንሥቼ ነበር፦ «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ»። ጣና ዳር ተቀምጦ ፀሐይ ወደ ዘጌ በኩል ስታዘቀዝቅ ለሚያይ የባሕር ዳር ሰው ቃሉን በቃል መያዝ ቀላል ነው። መኖሩ ግን እንደሚከብድ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ይመሰክራሉ። አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር የምንጣላው ሁልጊዜ ከራት በኋላ ነው። ፀሐይ ከገባች ቆይታለች። ታዲያ እስከ ነገ ማታ ጊዜ አለን ማለት ነው? (የልጆች እናት፣ ከሽምብጥ)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ባለቤትዎ እንዳያዩብዎት! በዕብራውያን አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ከምሽት ስለሆነ ሒሳብዎ ሊያስኬድ ይችላል፤ ጳውሎስ ግን ሰዓት እየቆጠረ አልነበረም። «ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ» የሚለውን የወሰደው ከመዝሙር 4 ነው፤ መዝሙሩም በመኝታችሁ ሳላችሁ በልባችሁ አስቡ፣ ዝም በሉ ብሎ ይቀጥላል። ስለዚህ ከራት በኋላ ለተጣላ ሰው ልኩ መኝታው ነው። ይህ ሲባል ግን ጉዳዩ ሁሉ ከእንቅልፍ በፊት ይቋጭ ማለት አይደለም። የቤት ኪራይ፣ የአማት ነገር፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ እያዛጉ አይፈታም፤ እንዲያውም ይብስበታል። ጉዳዩ ይደር፤ ቁጣው አይደር። «ነገሩን ጠዋት እንነጋገርበታለን፤ አሁን ደህና እደር» ማለት ትንሽ ነገር ይመስላል። ጀርባ ሰጥቶ፣ የተኛ መስሎ ማደርን ለሚያውቅ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። እኔም አውቀዋለሁ።

ጥያቄ፦ ማታ የዘረጋሁትን መረብ የሞተር ጀልባ ቀዶት ሄደ። ባለጀልባውን አውቀዋለሁ። መቆጣቴ ኃጢአት ነው? (ዓሣ አስጋሪ)

መልስ፦ አይደለም። ጥቅሱ «ተቆጡ» ብሎ መጀመሩን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። ጌታም በምኵራብ እጁ የሰለለችውን ሰው በሰንበት ይፈውስ እንደሆነ ሊከሱት የሚጠባበቁትን በቁጣ አያቸው ይላል ማርቆስ 3፥5። የዚያ ቁጣ ፍጻሜ ግን የአንድ ሰው እጅ መዳን ነበር። የእርስዎም ቁጣ ወደ ካሳ ይሂድ፦ ሁለት ሽማግሌ ይዘው፣ የተቀደደውን መረብ አሳይተው፣ ዋጋውን ይጠይቁ። በጨለማ ሄዶ የሰውየውን ጀልባ ገመድ መፍታት ሌላ ነገር ነው። (ይህንንም እንዳሰቡ ከደብዳቤዎ ሁለተኛ ገጽ ተረድቻለሁ።)

ጥያቄ፦ ባሌ ይመታኛል፤ ጠዋት ይቅርታ ይጠይቃል። ዘመዶቼ ይህንኑ ጥቅስ እየጠቀሱ «ፀሐይ ሳትገባ ወደ ቤትሽ ተመለሺ» ይሉኛል። (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እህቴ፣ ዘመዶችዎ ጥቅሱን የሚያነቡት ለተሳሳተ ሰው ነው። እነሱው ለባልዎ ያንብቡለት። ይቅር ማለትና ከአንድ ጣሪያ ሥር ማደር ለየቅል ናቸው። በ1ኛ ሳሙኤል 24 ዳዊት ሳኦልን መግደል ሲችል ተወው። ሳኦልም አለቀሰ፤ በደሉንም አመነ። ከዚያ በኋላ ግን ሳኦል ወደ ቤቱ ሄደ፣ ዳዊት ወደ አምባው ወጣ። አብሮት አልተመለሰም። እርስዎም ከሚያስጠጋዎት ሰው ዘንድ ይሁኑ፤ ለፖሊስም ያመልክቱ። ይህን ማድረግዎ እምነት ማጣት አይደለም።

ጥያቄ፦ ቤት እያሠራሁ ነው። ከአንድ የቀን ሠራተኛ ጋር ተጨቃጭቄ ክፍያውን ይዤበታለሁ። ንዴቴ እስኪበርድ ልጠብቅ? (ከአባይ ማዶ)

መልስ፦ ዛሬውኑ ይክፈሉት። ዘዳግም 24፥15 የድሀ ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ ይከፈል ይላል፤ ለገንዘቡም ለቁጣውም የተሰጠው ቀጠሮ አንድ ነው። ደብዳቤዎ እኔ ዘንድ ከደረሰ አራት ቀን ሆኖታልና ሰውየውን ሌላ የሥራ ቦታ መፈለግ ሳይኖርብዎት አይቀርም።