ፋይልሽ ከወረዳ ከወጣ «አልፈቀድኩም» ብቻ አትበይ

ከአያት አልፎ ጣፎ ድንበር ላይ የምትኖሪው እህታችን የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በውርስ የምትከራከሪው ዘመድ የነዋሪነት ቅጽሽን ኮፒ ከወረዳ አውጥቶ ይዞ ቀረበ፤ ይህን የሚከለክል ሕግ አለ ወይ? ሁለተኛ፣ የልደት ዘመንሽ ሲስተም ላይ ተሳስቷል፤ የት ይስተካከላል?

ሕጉ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይባላል፤ ሐምሌ 17 ቀን 2016 በነጋሪት ጋዜጣ ወጥቷል። የሚመለከተው ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን ብቻ አይደለም፤ በፋይል ተደራጅቶ የተቀመጠ ወረቀትም ይገባበታል። ስለዚህ «የእናንተ ብሎክ ገና ዲጂታል አልሆነም» ቢሉሽ መልስ አይሆንም። ከዚያ በፊትም የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሦስተኛ ወገንን የግል መረጃ ለጠየቀው ሁሉ እንዳይሰጥ ይከለክላል። የግል ሕይወት መብትን የሚያስከብረው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ደግሞ ከሁሉም በላይ አለ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ማመልከቻው ሁሉ «ያለ ፈቃዴ» ብሎ ይጀምራል። ወረዳው ግን ሲመዘግብሽም መጀመሪያ ፈቃድሽን አልጠየቀም፤ ሕግ የሰጠውን ሥራ ለመሥራት ነው የመዘገበሽ፣ አዋጁም ይህን ይቀበለዋል። በፈቃድ ብቻ ከተከራከርሽ በአንድ አረፍተ ነገር ይመልሱሻል። ጠንካራው ነጥብ ዓላማው ነው። መረጃው የተሰበሰበው ለነዋሪነት አገልግሎት ነው፤ ለአንድ ተከራካሪ ማስረጃ እንዲሆን አይደለም። ከተሰበሰበበት ዓላማ ውጭ ለሌላ ሰው ከተሰጠ፣ ያስቻለው የሕግ መነሻ የቱ እንደሆነ ማሳየት የወረዳው ሸክም ነው።

ማመልከቻ ከመጻፍሽ በፊት ኮፒውን በደንብ እዪው። የወረዳው ማኅተም፣ ወጪ ቁጥርና ቀን አለው? የተላከው ለማን ነው? ለፍርድ ቤት ከሆነና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካለ፣ ወረዳው ግዴታውን ነው የተወጣው፤ ክስሽ እዚያው ያልቃል። ማኅተም ኖሮት ወጪ ቁጥር ከሌለው አንድ ሠራተኛ በጓሮ በር ሰጥቶታል ማለት ይሆናል። ሁለቱም ከሌሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ በስልክ ፎቶ ተነስቷል። ሦስቱ ጉዳዮች የተለያዩ ናቸው፤ ማመልከቻውም ይለያያል።

ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አዘጋጂ፤ ለወረዳው የሲቪል ምዝገባና የነዋሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ይሁን። ስድብና ታሪክ አታብዢበት። ጥያቄው ይህን ያህል ይበቃዋል፦ «በስሜ የተከፈተው የነዋሪነት ፋይል ለማን፣ መቼ፣ በየትኛው ደብዳቤ ቁጥርና በምን የሕግ መነሻ እንደተሰጠ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፤ ያለ ደብዳቤ ወጥቶ ከሆነም ተጣርቶ ውጤቱ እንዲነገረኝ።» የኮፒውን ፎቶ አያይዢ። ቢሮ ለቢሮ ይዘሽ አትዙሪ፤ መዝገብ ቤት አስገብተሽ በአንቺ ቅጂ ላይ ገቢ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ማኅተሙን አስመቺ። ጉዳዩ የሚሞተው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፦ «ለኃላፊው በእጅ ስጪው» ይባላል፣ ከወር በኋላ ማመልከቻ መግባቱን የሚያውቅ አንድም ሰው አይገኝም።

በ590/2000 መሠረት የመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት፤ ምክንያት ካለ አንድ ጊዜ በ30 ቀን ይራዘማል። እምቢ ካሉም ምክንያቱን በጽሑፍ ነው የሚሰጡሽ። ካልሆነ ቅሬታውን ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ታቀርቢያለሽ። የዳታ ጥበቃው ጥሰት ራሱ ግን የሚታየው በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ አዋጁ ተቆጣጣሪ ያደረገው እሱን ነው። ሁለቱን በሮች አታደበላልቂ። ለእንባ ጠባቂ «መልስ ከለከሉኝ» ትያለሽ፣ ለባለሥልጣኑ «መረጃዬን አሳልፈው ሰጡ»።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅሽ፦ ኮፒው በሕገ ወጥ መንገድ ወጣ ማለት ችሎቱ ፍሬ ነገሩን ሳያይ ያልፋል ማለት አይደለም። ዳኛው ዋናውን ፋይል ራሱ በትእዛዝ ማስቀረብ ይችላል። ስለዚህ የውርስ ክርክርሽን በዚህ ላይ አታንጠልጥዪው።

ወደ ልደት ዘመኑ ስንመጣ፣ መጀመሪያ ልዩነቱን ቁጠሪ። 7 ወይም 8 ዓመት ከሆነ የዘመን አቆጣጠር መደባለቅ ነው፤ ጸሐፊው ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ.ን ሳይለይ ገልብጦታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ የተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ 8 ይለያያል። ዋናው ቅጽ ትክክል ሆኖ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ከተሳሳተ የጽሑፍ ግድፈት ስለሆነ ቅጹን አሳይተሽ እዚያው እንዲታረም ጠይቂ፤ ትክክለኛ ያልሆነ መረጃን ማስተካከል የአዋጅ መብትሽ ነው። የልደት ምዝገባው ራሱ ከተሳሳተ ግን ለፍርድ ቤት ውሳኔ ተዘጋጂ። መጀመሪያ የልደት ምስክር ወረቀቱ ይታረም፣ ከዚያ መታወቂያው፣ ከዚያ ፋይዳ። ከታች ከጀመርሽ እያንዳንዱ «የልደት ካርድሽን አምጪ» እያለ ይመልስሻል።

የእናንተ ሰፈር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከኦሮሚያው ሸገር ከተማ በመሸኛ የመጣ ሰው ፋይሉ በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ የተጻፈ ነው፤ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ ፊደሉ ይቀየራል። አማርኛው ብቻውንም በቂ ችግር አለበት፤ «ፀጋዬ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ጸጋዬ» ተብሎ ሲፈለግ «የለም» ይባላል። «ፋይልሽ ጠፍቷል» ከማለታቸው በፊት በሁሉም አጻጻፍ እንዲፈልጉት አድርጊ፤ የመሸኛውንም ኮፒ ይዘሽ ሂጂ።

መረጃ የሚያፈስሰው ደግሞ ወረዳው ብቻ አይደለም። በሩ ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት መታወቂያሽን ስካን አድርጎ ኮምፒውተሩ ላይ ይተወዋል፤ በቴሌግራም ከላክሽለት ደግሞ ስልኩ ላይም ይቀራል። ፊትሽ እንዲያጠፋው አድርጊ። በምትሰጪው ኮፒ ላይ መሃሉን አቋርጠሽ «ለዚህ ጉዳይ ብቻ» ብለሽ ጉዳዩንና ቀኑን ጻፊበት፤ ፎቶውንና ቁጥሩን ግን አትሸፍኚ፣ አይቀበሉሽም። ባለ 12 አሃዙን የፋይዳ ቁጥር ደግሞ በየቅጹ አትሙዪ፤ ለዕለት ተዕለት መገልገያ ባለ 16 አሃዙ ተለዋጭ ቁጥር አለ።