የሳልሳ ጥያቄዎቻችሁ፦ «አንድ» የት ነው ያለችው?

በዚህ ዕትም ስለ ሳልሳ ዳንስ ከደሴ፣ ከባቲ፣ ከኮምቦልቻና ከወልድያ የደረሱንን ጥያቄዎች እንመልሳለን። አብዛኞቻችሁ አዳዲስ ዙር እንድናስተምራችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ደብዳቤዎቹን ስናነብ ግን የጎደለው ዙር አይደለም። የጎደለው ማድመጥና ክብደትን በሙሉ ከእግር ወደ እግር ማሻገር ነው።

ጥያቄ፦ መምህሩ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ሲቆጥር አልሳሳትም። ሙዚቃው ብቻውን ሲለቀቅ ግን ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል። ችግሩ ጆሮዬ ነው? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ አብሽር፣ ጆሮህ ደህና ነው፤ የለመደው ሌላ ምት ስለሆነ ነው። ችክችካችን በስድስት ስምንተኛ ይሄዳል፣ ሦስት ሦስት እየሆነ ይንከባለላል። ሳልሳ ግን አራት አራት ነው፤ ዳንሰኛው ሁለቱን ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) አንድ ላይ አድርጎ እስከ 8 ይቆጥራል። 1፣ 2፣ 3 ላይ ትረግጣለህ፤ 4 ላይ አዲስ እርምጃ የለም። 5፣ 6፣ 7 ላይ ትረግጣለህ፤ 8 ላይም እንደዚሁ። 4 እና 8 ግን ባዶ አይደሉም። 3 ወይም 7 ላይ የረገጠው እግር ክብደትህን ጨርሶ የሚረከበው ያኔ ነው። ብዙ ሰው ከምት የሚወጣውም እዚሁ ላይ ነው፤ ይቸኩልና 5ን 4 ላይ ይረግጠዋል።

«አንድ»ን ከቤዝ ጊታሩ አትፈልጋት። በሳልሳ ቤዙ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ቀጥሎ ባለው ግማሽ ምትና 4 ላይ ይመታና 1ን በዝምታ ያልፋታል። ቤዙን የተከተለ እግር ቀድሞ ይወርዳል። ኮንጋውን፣ በእጅ የሚመታውን ረጅም ከበሮ፣ ስማ። 2 ላይ ጥፊ የሚመስል ደረቅ «ጧ» አለ፤ 4 ላይና ከእሱ ቀጥሎ ባለው ግማሽ ምት ደግሞ ክፍት «ዱም-ዱም» ይመጣል። ይኸው 6 እና 8 ላይም ይደገማልና ከዱም-ዱሙ ቀጥሎ ያለው ምት ወይ 1 ነው፣ ወይ 5። የትኛው እንደሆነ ዘፈኑ ይነግርሃል፤ የዜማው ሐረግ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው 1 አካባቢ ነው። ዘፈኑ ሞቆ ተቀባዮቹ ለዘፋኙ መመለስ ሲጀምሩ ደግሞ ደወል ይገባል። የደወሉ ወፍራም ድምፅ 1፣ 3፣ 5 እና 7 ላይ ስለሚያርፍ ለጀማሪ ትልቅ እርዳታ ነው።

ለአንድ ሳምንት ሳትደንስ ተቀምጠህ አድምጥ። ስልክህ ላይ ፍጥነቱን 0.75 አድርገው፤ በደቂቃ 180 ምት የሚሄድ ዘፈን ወደ 135 ይወርድልሃል። ከዚያ ክላቬውን፣ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር የሚይዘውን ተደጋጋሚ የምት ንድፍ፣ አጨብጭብ። 3-2 የሚባለው 1 ላይ፣ ከ2 ቀጥሎ ባለው ግማሽ ምት ላይ፣ 4 ላይ፣ ከዚያም 6 እና 7 ላይ ነው፤ በድምሩ አምስት ጭብጨባ። አንዳንዱ ዘፈን ገልብጦ ሁለቱን ያስቀድማል፤ ስለዚህ ክላቬ ብቻውን «አንድ»ን አያሳይህም። ጭብጨባው ሳይዛባ እግርህን 1 እና 5 ላይ ብቻ መሬት ማስነካት ስትችል ያን ጊዜ ተነሥና ደንስ።

ምቱ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ እንዳይመስልህ። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ ከኢትዮጵያ ኩዊንቴቱ ጋር የቀረጻቸው ሥራዎች የላቲን ምት የሞላባቸው ናቸው። ባቲና አምባሰል የሚባሉ ቅኝቶች የወጡበት አገር ልጅ በእነዚህ ሥራዎች ቢጀምር ዜማው ስለማያስቸግረው ጆሮውን በሙሉ ለኮንጋው መስጠት ይችላል።

ጥያቄ፦ ስደንስ ትከሻዬ በራሱ እስክስታ ይመታል። «ዳሌሽን አንቀሳቅሺ» ሲሉኝ ደግሞ የማደርገው የውሸት ይመስላል። (ከባቲ)

መልስ፦ የውሸት የሚመስለው ዳሌሽን ስለምትገፊው ነው። በሳልሳ ዳሌ አይገፋም፤ ከጉልበት ይመጣል። ግራ እግርሽን ጉልበቱን ትንሽ አጥፈሽ፣ ከፊት መዳፉ ጀምረሽ አሳርፊው። ክብደትሽ ሲሻገር የግራ ጉልበትሽ ይቃናል፣ የቀኙ ይታጠፋል፤ ያኔ ዳሌሽ ሳትነኪው ወደ ግራ ይወጣል። እርምጃሽን አሳጥሪ፤ ከአንድ ጫማ ርዝመት ካለፈ ጉልበቱ ጊዜ አያገኝም።

እስክስታ ላይ ሰውነት ወደ ላይና ወደ ታች ይነጥራል፤ ሳልሳ ላይ የጭንቅላት ከፍታ አይለዋወጥም። በር መሐል ቁሚና ሁለት እጅሽን በትከሻሽ ልክ መቃኑ ላይ አሳርፊ። በቦታሽ እንዳለሽ በቀስታ ርገጪ። መዳፍሽ መቃኑ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ከተንሸራተተ እየነጠርሽ ነው። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል።

እስክስታውን ግን አደራ፣ አትጣዪው። ጥንዶች ተለያይተው ለየብቻ በሚደንሱበት ጊዜ የትከሻ ጨዋታ በሳልሳም የተወደደ ነው፤ አንቺ ሌላው ዓመታት የሚለፋበትን ይዘሽ ነው የመጣሽው። እጅ ለእጅ ስትያያዙ ብቻ አሳርፊው፤ የሚንቀጠቀጥ ትከሻ በክንድሽ በኩል ለመሪው የተሳሳተ መልእክት ያደርሳል።

ጥያቄ፦ ስኒከር አድርጌ ስዞር ጉልበቴን ያመኛል። የግድ የዳንስ ጫማ ልግዛ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የግድ አይደለም። የጎማ ሶል ሲሚንቶ ላይ ይነክሳል፤ እግርህ ቆሞ ሰውነትህ ሲዞር ጥምዘዛውን ጉልበትህ ይቀበላል። አንድ ያረጀ ጠፍጣፋ ጫማ ይዘህ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሂድና ከፊት መዳፉ ሥር ቀጭን ቆዳ፣ ሸካራው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ፣ ይለጠፍልህ። ቆዳው ሲለሰልስ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው። ጫማውን በፌስታል ይዘኸው ሂድ፤ መንገድ ላይ ካደረግኸው ጭቃው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ወለል ላይ ፓውደር አትነስንስ፤ አንተን ቢያንሸራትትህም ቀጥሎ የሚመጣውን ይጥለዋል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 52 ነው፤ ከባለቤቴ ጋር ቤት ውስጥ እንለማመዳለን። ሳዞራት «እጄን አመመኝ» ትላለች። (ከወልድያ)

መልስ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ አውራ ጣትዎን ይልቀቁ። የሚያመው እሱ ሲጫን ነው። ሁለት ጣትዎን ወደ ታች ይስጧት፤ የእሷ ጣቶች በእነሱ ዙሪያ ራሳቸው ይዙሩ። ለቀኝ ዙር ግራ እጅዎን 3 ላይ ያነሣሉ፤ እሷ 5፣ 6፣ 7 ላይ ትዞራለች። እጅዎ 5 ላይ ከተነሣ ዘግይቷል፤ እሷም ለመድረስ ስትሮጥ ክንዷ ይጎተታል። እጅዎ ከጭንቅላቷ አንድ ስንዝር ከፍ ይበልና እዚያው ይቆይ። እንደ ገንፎ አያማስሉት፤ የምትዞረው በራሷ እግር ነው። ክንዷ ከትከሻዋ መሥመር ወደ ኋላ አይለፍ፤ እዚያ ከደረሰ ወዲያውኑ ይልቀቋት።

ጥያቄ፦ ስምንት ሴቶች ነን። በሃይማኖታችን ምክንያት ከወንድ ጋር መያያዝ አንፈልግም። እርስ በርሳችን ብቻ ሳልሳ መማር ይቻላል? (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ በደንብ ይቻላል። ስምንት ሰው ለሩዳ ደ ካሲኖ የተመቸ ቁጥር ነው። ሩዳ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሃቫና ውስጥ ካሲኖ ዴፖርቲቮ በተባለው ክለብ የተወለደ የክብ ዳንስ ነው፤ ጥንዶች ክብ ሠርተው በአንድ ሰው ጥሪ እየተቀያየሩ ይደንሳሉ። አራታችሁ ቀኝ ክንዳችሁ ላይ ሻሽ እሰሩ፤ እናንተ መሪዎች ናችሁ። በየዘፈኑ ሻሹን ተቀያየሩ፤ ሁለቱንም ወገን የተማረ ሰው ለሌላው እጅ ያስባል።

ወለሉ ላይ ወደ 4 ሜትር ስፋት ያለው ክብ በጠመኔ አስምሩና የእያንዳንዷን መሪ ቦታ ምልክት አድርጉበት። ያለ ምልክት ክቡ በሁለት ዘፈን ውስጥ እየጠበበ ሄዶ ትከሻ ለትከሻ ትጋጫላችሁ። የመጀመሪያውን ወር በሦስት ጥሪ ብቻ ሥሩ፦ «ዲሌ ኬ ኖ» (መሪዋ ተከታይዋን በፊቷ አሳልፋ ወደ ሌላው ጎኗ ትወስዳታለች)፣ «ኤንቹፍላ» (ተከታይዋ ወደ ግራ እየዞረች ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ) እና «ዳሜ»። «ዳሜ» ሲባል መሪዋ በቀኟ ወዳለችው ተከታይ ትሻገራለች። ወደ ግራ የሄደች አንዲት መሪ ክቡን በሙሉ ታፈርሰዋለች፤ ስለዚህ መሻገሩን ብቻ ያለ ሙዚቃ 20 ጊዜ በእግር ሂዱት።

ጠሪ አድርጋችሁ የምትመርጡት ብዙ ዙር የምታውቀውን ሳይሆን ምቱን የማትስተውን ነው። ጥሪው ከ5 በፊት ካልወጣ፣ ቀጣዩ 1 ላይ ግማሹ ክብ ይጀምራል፣ ግማሹ ቆሞ ይቀራል። ሙዚቃው ድምፅ ከዋጠባችሁ ለየጥሪው የእጅ ምልክት ስጡት፤ ጠሪዋም እጇን ከራሷ በላይ አንሥታ ታሳያችሁ።