ስለ ሞዴስ ጠይቁኝ፦ ከቱሉ ዲምቱ የስፌት ክፍል

ሰላም፣ እንደምን ዋላችሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ እንጀራዬም ልብስ ስፌት ነው። እኔና አምስት ጎረቤቶቼ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን የሚታጠብ ሞዴስ መስፋት ከጀመርን አራት ዓመት ሆነን። ክፍሉን የሰጠን እድራችን ነው። የሰፋነውን በአካባቢያችን ላሉ ተማሪዎች እናድላለን። በየሰፈራችሁ መጀመር የምትፈልጉ ስለበዛችሁ ዛሬ ቁጭ ብዬ የጠየቃችሁኝን እመልሳለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ከሞዴስ በፊት ፓንት። ይህንን ስደጋግም ትሰማላችሁ።

ከገላን፦ እትዬ፣ አሥር ሆነን ገንዘብ አዋጥተናል። ሞዴስ ገዝተን ለሰፈራችን ትምህርት ቤት ልንሰጥ ነው። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ልጆቹ ፓንት አላቸው? ጠይቃችኋል? እኛ አልጠየቅንም ነበር። መጀመሪያ ያደልን ጊዜ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ በማግስቱ ቤቴ ድረስ መጣች። የሰጠናትን እሽግ ሳትከፍተው ይዛዋለች። «እትዬ፣ ለሌላ ሰው ይስጡት፣ እኔ የምለጥፍበት የለኝም» አለችኝ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ አቀርቅራ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፓንት የሌለበት ቦርሳ ከክፍላችን ወጥቶ አያውቅም። ለአንዷ ሁለት፣ አንዱ ሲታጠብ ሌላውን እንድትለብስ። ገንዘቡ ካነሰ የልጆቹን ቁጥር ቀንሱ እንጂ ፓንቱን አትቀንሱ።

ከጀሞ፦ ጨርቁ ምን ዓይነት ነው? አሰፋፉንም ቢያስረዱን።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ቆዳ የሚነካው ለስላሳ ጥጥ ይሁን። መሃሉ መጣጩ ነው፤ ፍላኔል የሚባለው ለስላሳ ጨርቅ ወይም ስስ ፎጣ ሦስት አራት ድርብ። ከታች ውሃ የማያሳልፍ ገበር። መርካቶ ስትገዙ ነጋዴው ጥጥ ነው ስላለ ብቻ አትቁረጡ። ጫፉ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ወዲያው ከጠጣው ጥሩ ነው። ውሃው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከቆመ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ተዉት።

ከመቁረጣችሁ በፊት ጨርቁን እጠቡት። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል። እኛ ሳናጥብ የሰፋነው የመጀመሪያው ዙር ላዩ ጠብቦ ገበሩ ሰፍቶ ተጣሞ ቀረ። ያን ሁሉ ፈታን።

ትልቁ ስህተት ግን መሃሉን መስፋት ነው። ድርቡ እንዳይንሸራተት ተብሎ መሃል ለመሃል ይመታል። መርፌው ገበሩን የበሳበት ሁሉ ያፈሳል። መጣጩን ከላይኛው ጨርቅ ጋር ብቻ ስፉት፣ ገበሩን መጨረሻ ላይ ዙሪያውን ብቻ ያዙት። ርዝመቱ ለቀን 25 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ለሌሊት 30 ይሁን። በግራና በቀኝ ክንፍ አውጡለት፣ ክንፎቹ ፓንቱ ሥር ተገናኝተው በቁልፍ ይያዙ።

ደግሞ አታወፍሩት። እናቶች ለልጆቹ አዝነው ሰባት ስምንት ድርብ ያደርጉታል። እንደሱ የወፈረ ሞዴስ በክረምት በሁለት ቀንም አይደርቅም። እኛ አሁን መጣጩን ለብቻው እንሰፋዋለን፣ ወጥቶ ይታጠባል፣ ተዘርግቶ ይሰጣል። ቶሎ ይደርቃል።

ከሱሉልታ፦ አንዱን ለመስፋት ስንት ብር ይፈጃል?

መልስ፦ ዋጋ አልጽፍም። የዛሬው ለሳምንት አይሠራም። መርካቶ ወርዳችሁ ጠይቁ።

ከኮዬ ፈጬ፦ እኛ ኮንዶሚኒየም ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ጀሪካን አራተኛ ፎቅ ድረስ ለምትሸከም ልጅ የሚታጠብ ሞዴስ መስጠት ሌላ ሸክም መጨመር ነው። የሚጣለውን ስጧቸው።

የባዮሎጂ መምህርት፦ የሚጣለውስ የት ይጣል? የትምህርት ቤታችን ሽንት ቤት ዓምና ሁለት ጊዜ ተደፍኗል። ሲከፈት የወጣው ሞዴስና ፌስታል ነው።

ከኮዬ ፈጬ፦ ክዳን ያለው ቅርጫት አስቀምጡላቸዋ! ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም።

የባዮሎጂ መምህርት፦ የልጆቹ ነው ያለ ማን አለ? ቅርጫቱን ማን ይደፋል ነው ጥያቄው። የጽዳት ሠራተኞቻችን ጓንት እንኳ የላቸውም።

ከቡራዩ፦ እኔ ያደግኩት በእናቴ አሮጌ ነጠላ ነው። ምንም አልሆንኩም።

ከኮዬ ፈጬ፦ እናንተ ስለቻላችሁት ልጆቻችንም ይቻሉት?

መልስ፦ እህቶቼ፣ በዚህ አትጣሉ። ሁለቱም ያስፈልጋል። ውሃ ለሌላት የሚጣለውን ስጧት፣ ግን ሂሳቡን ሥሩ። በቀን አራት፣ ለአምስት ቀን፣ 20 ፍሬ። አሥር ፍሬ በሚይዝ እሽግ በየወሩ ሁለት ማለት ነው። አንድ ጊዜ ሰጥታችሁ ከሄዳችሁ በሚቀጥለው ወር ማን ይሰጣታል? እኛ ወደሚታጠበው ያዘነበልነው ለዚህ ነው። የመምህሯንም ጥያቄ አትዝለሉት። ቅርጫት የምትገዙ ሰዎች ጓንትም ግዙ፣ ከጽዳት ሠራተኞቹም ጋር ተነጋገሩ።

አስተጣጠቡ፦ በቀዝቃዛ ውሃ ይነከር። ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያደርቀዋል። ከዚያ በሳሙና ይታሽ፣ በደንብ ይለቅለቅ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ፍራሽ ሥር ተደብቆ የደረቀ ሞዴስ እርጥበቱ አይለቀውም፣ ይሸታል፣ ቆዳ ያሳክካል። ልጆቹ የሚደብቁት አፍረው ነው። ስለዚህ ለእናቶቻቸውም ንገሯቸው። ገመዱ የእናት ነው፣ እናት ካልፈቀደች ልጅቷ አትሰጣም።

ከአያት ሰፈር፦ የወር አበባዬ ላይ እያለሁ ቤተ ክርስቲያን...

መልስ፦ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ እህቴ።

ከለገጣፎ፦ መቀሌ ያለውን ፋብሪካ ያውቁታል?

መልስ፦ እንዴት አላውቀውም! ማርያም ሳባ ነው። ፍሬወይኒ መብራህቱ የምትባል መሐንዲስ በ2009 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችው። አሜሪካ ኬሚካል ምህንድስና ተምራ ተመለሰችና የሚታጠብ ሞዴስ ማምረት ጀመረች። በ2019 እ.ኤ.አ. ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ መረጣት። ሞዴሱ በደንብ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። እኔ ሥራዋን የማከብረው ጨርቁን ብቻ ይዛ ስላልሄደች ነው። ትምህርት ቤት ገብታ ለወንዶቹም ለሴቶቹም ስለ ወር አበባ ታስተምራለች። እኛም ከዚያ ተምረን ወንዶቹን ከክፍል ማስወጣት ትተናል።

ከሰበታ፦ ሞዴስ ገዝተን ለተማሪዎች ልንሰጥ አስበናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብቡ፣ እባካችሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው። ፓንት!

አባት፣ ከአቃቂ፦ እትዬ፣ ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። ልጄ 12 ዓመቷ ነው። ስለዚህ ነገር እንዴት እንደምነግራት አላውቅም።

ከቡራዩ፦ ይህ የሴት ጉዳይ ነው። አክስቷ ትንገራት።

መልስ፦ አክስት ካለች መልካም፣ ከሌለችስ? ወንድሜ፣ ከሱቅ አንድ እሽግ ግዛ። አትጠቅልለው። ከሁለት ፓንት ጋር ቁም ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጠው። ከዚያ «ደም ብታዪ እንዳትደነግጪ፣ አልታመምሽም፣ ጊዜው ደርሶ ነው፣ ይኸው እዚህ አለልሽ፣ ሲያልቅ ንገሪኝ» በላት። በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ እንድትቀይር ንገራት። አንድ ጊዜ ካወራሃት ሁለተኛው ይቀላል። ቅዳሜ ይዘሃት ብትመጣ ደግሞ የራሷን ትሰፋለች። የመጣህ ቀን እኔ ራሴ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

ከካራ፦ ሆዴን በጣም ያመኛል፣ ደሙም ይበዛል። ምን ልጠጣ?

መልስ፦ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጤና ጣቢያ ሂጂ። ሞዴሱ በየሰዓቱ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ሂጂ።

ከየካ አባዶ፦ ግንቦት 20 የዓለም የወር አበባ ንጽሕና ቀን ነው አይደል? ልጆቹን አሰልፈን፣ ቦርሳቸውን አስይዘን፣ ፎቶ አንስተን ብንለጥፍ ለጋሾች ይመጣሉ።

መልስ፦ ቀኑ ልክ ነው፣ በፈረንጆቹ ሜይ 28። 28 የመጣው በአማካይ በየ28 ቀኑ ስለሚመላለስ ነው፣ አምስተኛው ወር የተመረጠው ደግሞ አምስት ቀን ያህል ስለሚቆይ። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይከበራል። ፎቶውን ግን አይሆንም። አንዲት ልጅ ሞዴስ ተቀባይ ሆና የክፍል ጓደኞቿ ስልክ ላይ ብትታይ በማግስቱ ትምህርት ቤት ትመጣለች? እሷን ከክፍል እንዳትቀር ብለን ነው የጀመርነው። ቦርሳውን አንሱ፣ የስፌት መኪናውን አንሱ፣ የኛን እጅ አንሱ። ልጆቹን አታንሱ። ሲታደልም በሰልፍ አይሁን፣ በአንዲት መምህርት በኩል፣ በር ተዘግቶ።

ከጀሞ፦ ለምንድነው ሞዴስ የምንለው?

መልስ፦ የአሜሪካኖቹ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ድሮ የሚያመርተው ሞዴስ ስሙ ይኸው ነበር። የዕቃው መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ከሃና ማርያም፦ ስለ ሲሊኮን ካፕ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ወደ ውስጥ ገብቶ ደሙን የሚይዝ ትንሽ ኩባያ ነው። ለሚመቻት ጥሩ ነው፣ ዓመታት ያገለግላል። ግን በየወሩ መቀቀል አለበት፣ ንጹሕ ውሃና ንጹሕ እጅ ይፈልጋል። ለተማሪዎች አላድልም።

ከገላን፦ እትዬ፣ አሁን ለመምህርቷ ደወልንላት። ልጆቹን ለብቻ ጠይቃ ነገ ትነግረናለች። ፓንቱን በምን ልክ እንግዛ?

መልስ፦ ጎሽ! ልኩን በዕድሜ አትገምቱ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ እንኳ ይለያያል። መምህርቷ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ብላ በወረቀት ትያዝ፣ ስም ሳይጻፍ። የምትጠራጠሩባትን በትልቁ ያዙላት፣ ጠባብ ከሆነ አትለብሰውም። ጥጥ ይሁን። ቅዳሜ ከአሥራችሁ ሁለታችሁ ወደኛ ኑና ንድፉን በካርቶን ገልብጣችሁ ውሰዱ። መቀስ ይዛችሁ ኑ፣ የኛዎቹ ዶልዱመዋል።