ስድስት ገጽ ማን ያነባል? የጉዞ ጸሐፊዎች ጥያቄና መልስ

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች የመጡት ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ነው። ደስ ብሎኛል። ለጉዞ ጽሑፍ የግድ ላሊበላ ድረስ መሄድ የለብንም።

ስለ የካው ዋሻ ሚካኤል ስድስት ገጽ ጽፌ ለሦስት ጋዜጦች ላክሁ። አንዳቸውም መልስ አልሰጡኝም። ምን አጠፋሁ? (ከኮተቤ)

ወንድሜ፣ የላክህልኝን አነበብሁት። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ የደረስኸው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው! ከዚያ በፊት የታክሲ ሰልፍ፣ የቁርስህ ፍርፍር፣ የጫማህ ጭቃ። አዘጋጁ እስከዚያ ድረስ አይታገስህም። አራተኛው ገጽ ላይ ግን ጥሩ ነገር አለህ። ከድንጋይ የተፈለፈለው ቤት ጣሪያው ፈርሶ፣ ቀና ስትል ሰማይ ያየህበት ቦታ። ከዚያ ጀምር። ፍርፍሩን እርሳው።

ደግሞ ሙሉውን አትላክ። መጀመሪያ ሦስት መስመር ይበቃል፦ ምን እንዳየህ፣ ለምን አሁን መውጣት እንዳለበት፣ ፎቶ እንዳለህ። «ለምን አሁን» የሚለውን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። ላንተ መልሱ ቀላል ነው፤ ኅዳር 12 የሚካኤል በዓል ነው። ጥቅምት ውስጥ ከላክህ አዘጋጁ ቦታ ይፈልግልሃል። ኅዳር 13 ከላክህ ግን የከርሞ ሰው ይበልህ።

አንዱን ጽሑፍ ለሁለት ጋዜጣ ብሰጥስ? (ከሰበታ)

እንዳታደርጊው። በአንድ ቅዳሜ ሁለቱም ካወጡት ሁለቱንም ታጫቸዋለሽ። ከአንድ ጉዞ ሁለት ጽሑፍ ማውጣት ግን ትችያለሽ። መናገሻ ሱባ ደን አጠገብሽ አይደል? ለአንዱ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ አስተከሉት ስለሚባለው ጽድ ጻፊ። ለሌላው ቅዳሜን ጫካ ውስጥ ለማሳለፍ ስንት ብር እንደሚበቃ።

ፎቶዬን ያለ ስሜና ያለ ክፍያ አወጡት። (ከሱሉልታ)

የእኔንም ያለ ክፍያ አውጥተውታል፤ ስሜን ግን ጽፈውት ነበር። ለመጠየቅ ስሄድ «ስምህ ወጥቶልህ የለም እንዴ?» አሉኝ። ስም አይበላም! የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) ፎቶንም ይጠብቃል፤ ምዝገባ አያስፈልገውም፤ በስብስብ ወይም በመጽሐፍ ያልወጣ ፎቶ ግን ስምህንና አድራሻህን መያዝ አለበት። መጀመሪያ ግን በጨዋ ደንብ ደብዳቤ ጻፍና ክፍያህን ጠይቅ፤ ጋዜጣውን አያይዝ። ከእንግዲህ ደግሞ ከመላክህ በፊት ስንት እንደሚከፍሉና ለስንት ጊዜ እንደሚያወጡት በጽሑፍ ተስማማ። በስልክ የተባለ ነገር በኋላ ይካዳል።

አንድ ሎጅ ምሳ ጋብዞኝ ስለ እሱ ልጽፍ ነው። ነውር አለው? (ከለገጣፎ)

ይብሉ፣ ጋሼ። ግብዣ መሆኑን ግን ጽሑፉ ውስጥ ያስገቡት። አዘጋጁ ከሌላ ሰው ከሰማው ሁለተኛ አይደውልልዎትም።