ኦራል ላይ አፌ ይያዛል፣ ሕክምናውን ልተወው?

«ሲ ዋን (የክሊኒካል ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) ነኝ። ጽሑፍ ላይ ከባቹ ጥሩ ከሚያመጡት ነኝ። የውስጥ ደዌ ኦራል (በሽተኛ መርምሮ በቃል የሚመለስ ፈተና) ላይ ግን ሁለት ኤግዛሚነሮች ፊት ስቆም የማውቀው ሁሉ ጠፋኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ድጋሚ እፈተናለሁ። ሕክምና ለእኔ አይሆንም ማለት ነው? ዲፓርትመንት ልቀይር?»

እህቴ፣ በዚህ ምክንያት እንዳትቀይሪ። እኔም ጋውን ለብሼ ዋርድ በር ላይ ስሜ እስኪጠራ ስጠብቅ መዳፌ በላብ ይርስ ነበር። ከዚያም ዓመታት በሐኪምነት ሠርቼ ነው ተማሪ ወደ ማማከር የመጣሁት።

ያወቅሽው አልጠፋም። በአፍሽ ብለሽው አታውቂም እንጂ። ጽሑፍ ላይ መልሱ ከምርጫዎቹ መካከል ተቀምጦ ይጠብቅሻል፣ ስታዪው ታውቂዋለሽ። ኦራል ላይ ራስሽ ፈልገሽ ታወጪዋለሽ፣ ያውም ሰው ዓይን ዓይንሽን እያየሽ። በዚያ ላይ ቋንቋው አለ። በሽተኛዋ «ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል፣ በሦስት ትራስ ነው የምተኛው» ትልሻለች፣ አንቺ ይህን በእንግሊዝኛ አድርገሽ፣ ቅደም ተከተል አስይዘሽ ማቅረብ አለብሽ። «ልቤን ያቃጥለኛል» ካለችሽ ደግሞ ደረቷን ይሁን ጨጓራዋን መጀመሪያ እጇ የት እንዳረፈ ማየት ይኖርብሻል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ኤግዛሚነሩ ግን የሚያየው ዝምታሽን ብቻ ነው፣ ዝም ስትዪ አታውቅም ይላል።

«ታዲያ በአፍ መፈተን ምን ይጠቅማል?» ትዪ ይሆናል። ኢንተርን ስትሆኚ ይገባሻል። ሌሊት 9 ሰዓት ዱቲ ላይ ሆነሽ ትንፋሽ ያጠራት ሴት ትመጣለች፣ ለሲኒየርሽ ትደውያለሽ፣ እሱ ከእንቅልፉ ነቅቶ «ምን አገኘሽ? ምን ትያለሽ?» ይልሻል። ያ ስልክ ራሱ ኦራል ነው። አጥርተሽ ካልነገርሽው በሽተኛዋ ትጎዳለች። ስለዚህ ይህን ችሎታ የትም ብትሄጂ ትፈልጊዋለሽ፣ ስፔሻሊቲም ገብተሽ ኦራል ይጠብቅሻል።

ዕድልም አለበት፣ ይህንንም እወቂው። ለአንዷ ታሪኳን ጥርት አድርጋ የምትናገር በሽተኛ ይደርሳታል፣ ለሌላዋ ቋንቋዋን የማትችለው ይደርሳታል። ኤግዛሚነሩም ይለያያል። በ1975 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ዳንዲ ውስጥ ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ ኦስኪ የሚባለውን የተግባር ፈተና ያመጡት ይህን የዕድል ነገር ለመቀነስ ነው። ሁሉም ተማሪ ተመሳሳይ ስቴሽኖችን (የፈተና ጣቢያዎችን) ይዞራል፣ ነጥቡም አስቀድሞ በተዘጋጀ ዝርዝር ይሰጣል። እና በአንድ ሎንግ ኬዝ፣ ማለትም በአንድ በሽተኛ ላይ ብቻ በተመሠረተ ፈተና፣ ስለወደቅሽ ብቻ ሐኪም አልሆንም ብለሽ አትደምድሚ።

አሁን ወደ ሦስቱ ሳምንታት። መጽሐፉን እንደ አዲስ አትጀምሪ። በየቀኑ ከሰዓት ዋርድ ግቢ፣ አንድ በሽተኛ አስፈቅደሽ ሂስትሪ (የሕመሙን ታሪክ) ውሰጂ፣ መርምሪ፣ ከዚያ ኮሪደር ላይ ለጓደኛሽ ቆመሽ፣ በእንግሊዝኛ፣ ወረቀት ሳታዪ አቅርቢ። ጓደኛሽ እያቋረጠችሽ «ለምን?» ትበልሽ። በተለይ የመጀመሪያዋን ደቂቃ፣ ማለትም ዕድሜ፣ ዋና ቅሬታ፣ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ አፍሽ እስኪለምደው ድረስ ደጋግሚው፤ መጀመሪያው ከተቃና ትንፋሽሽ ይረጋጋል፣ ቀሪው ይከተላል።

ጥያቄው ሲከብድሽ አትደንግጪ። ብዙ ጊዜ ኤግዛሚነር የመለስሽውን አልፎ ነው ወደ ከባዱ የሚሄደው። የምታስቢውን ድምፅ አውጥተሽ አስቢ። «እግሯ ለምን አበጠ?» ካለሽ «ከልብ፣ ከኩላሊት ወይም ከጉበት ሊሆን ይችላል፤ ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራትና የአንገት ደም ሥሯ ስለተወጠረ ልብን አስቀድማለሁ» በይ። ሙሉ መልስ ባይሆንም መንገድሽን ያያል። ካላወቅሽም «አላውቀውም ዶክተር» ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ ያላገኘሽውን አገኘሁ አትበይ። እኔ አድርጌዋለሁ። የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባት ልጅ ደርሳኝ፣ በግራ ጎኗ ሳላስተኛት፣ የስቴቶስኮፑን ቤልም (ዝቅ ያለ ድምፅ የሚያሰማውን ጎን) ሳልጠቀም፣ የማይትራል ስቴኖሲስ ማርመር (የልብ ቫልቭ ሲጠብ የሚሰማውን ድምፅ) ሰማሁ አልኩ። ኤግዛሚነሩ አልጋው ድረስ ይዞኝ ሄዶ «እስቲ አሰማኝ» አለኝ። አልቻልኩም። ልጅቷ ሁለታችንንም ታየን ነበር። ከነጥቡ ይልቅ የእሷ ዓይን ነው እስከ ዛሬ የሚታወሰኝ። «በግራ ጎኗ አላስተኛኋትም፣ አሁን ላድርገው?» ብል ኖሮ ምናልባት ይፈቅድልኝ ነበር።

እንቅልፍ እስከማጣት ወይም ምግብ አልወርድ እስከማለት ከደረስሽ ግን ልምምድ ብቻውን አይበቃም፣ የግቢያችሁን የተማሪዎች ክሊኒክ አናግሪ፣ ነውር የለውም። ካለፈው ፈተና ኤግዛሚነሮችሽም አንዱን ቢሮው ሄደሽ «የት ላይ ነው ነጥብ የጎደለኝ?» ብለሽ ጠይቂው። የሚልሽን ጻፊልኝና ቀሪዎቹን ቀናት በምን እንደምትይዣቸው አብረን እናያለን።