የእናትሽን ዕቁብ ለሬዚን አታውጪው

ውድ ሰ. ከጅማ፦

በማኔጅመንት ተመርቀሽ ሥራ ስታጪ ጎረቤት ካለው አናጢ ቤት ገብተሽ የቢላዋ እጀታ መሥራት ጀመርሽ። ስለቱን ከመኪና ባሌስትራ የሚሠራልሽ አንጥረኛ አለ። እጀታውን አንቺ ከወይራና ከቡና እንጨት ታወጪለታለሽ። ዋሽንግተን የምትኖር ደንበኛ ለስጦታ ብላ ስድስት ወሰደች። ብርዱ ገብቶ የቤት ማሞቂያ ሲበራ አራቱ ተሰነጠቁ። እጀታውን ከስለቱ ጋር የሚይዙት የነሐስ ፒኖችም ከእንጨቱ በላይ ወጥተው እጅ ይቧጥጣሉ ብላ ፎቶ ላከችልሽ። አሁን መፍትሔው እንጨቱን በሬዚን ስታብላይዝ ማድረግ፣ ማለትም በሙቀት የሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ አስጠጥቶ ማጠንከር ነው ብለሽ አምነሻል። ለቫኪዩም ፓምፑና ለሬዚኑ የእናትሽን ዕቁብ ልትጠቀሚ አስበሻል፤ ዕቃውን የአክስትሽ ልጅ ከዱባይ ያመጣዋል። አባትሽ ደግሞ ወይ የባንክ ፈተና ተፈተኚ፣ ወይ አንቺም ዱባይ ሂጂ ይላሉ።

ዕቁቡን አትንኪ። ሙያውን ግን አትልቀቂ።

እጀታዎቹ የተሰነጠቁት ሬዚን ስላልጠጡ አይደለም። እርጥብ ስለነበሩ ነው። ይሄን ሳትለይ ገንዘብ ካወጣሽ በውድ ዋጋ የተሠራ ሌላ የተሰነጠቀ እጀታ ነው የምታገኚው።

እንጨት ውስጥ ሁለት ዓይነት ውሃ አለ። አንዱ በውስጡ ባሉት ባዶ ቦታዎች የተጠራቀመ ነው። እሱ ሲወጣ እንጨቱ ይቀላል እንጂ መጠኑ ብዙም አይለወጥም። ሌላው የእንጨቱ ሕዋሶች ግድግዳ ራሱ የያዘው ነው። እርጥበቱ ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ይሄኛው መውጣት ይጀምራል፤ እንጨቱም ይኮማተራል። ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። ቀለበቶቹን ተከትሎ በዙሪያው የሚኮማተረው ከመሃል ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ነሐሱ ግን ባለበት ይቀራል። ለዚህ ነው ፒኑ ብቅ ብሎ የታየው። የጅማ አየር እርጥብ ነው። እዚያ ደርቋል ያልሽው እንጨት ማሞቂያ በሚሠራበት ቤት ገና ብዙ ውሃ ይለቃል።

አሁን ወደ ሬዚኑ ልምጣ። ሬዚን ወደ እንጨቱ የሚገባው አየሩ በፓምፕ ተስቦ ሲወጣ ነው። ቦታውን ውሃ ከያዘው መግቢያ የለውም። ስለዚህ ይሄን ሥራ በደንብ የሚሠሩ ሰዎች ቀድሞ የደረቀውን እንጨት 105 ዲግሪ ገደማ በሆነ ምድጃ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ አቆይተው እርጥበቱን ወደ ዜሮ ያወርዳሉ። ከአየሩ እርጥበት እንዳይስብ በፕላስቲክ አሽገው ያበርዱታል። ከዚያ ሬዚን ውስጥ ዘፍቀው አረፋው እስኪቆም ፓምፑን ያሠራሉ። ፓምፑ ከቆመ በኋላም እዚያው ይተዉታል፤ ሬዚኑ በብዛት የሚገባው ያኔ ነውና። በመጨረሻ በፎይል ጠቅልለው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ያጠነክሩታል። መብራት በየመሃሉ በሚጠፋበት ሰፈር ይሄን ሁሉ ሰዓት አስቢው። ምግብ የሚበስልበት ምድጃም ሬዚን ለማጠንከር አይሆንም። ሬዚኑ ራሱ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይፈልጋል፣ ጊዜውም ያልፍበታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንቺ የምትሠሪበት እንጨት ሬዚን አይፈልግም። ወይራ ጥቅጥቅ ያለና ቅባት ያለው እንጨት ነው። ብትነክሪውም ብዙ አይጠጣም። የቡና እንጨትም ጠንካራ ነው። ሬዚን የሚጠቅመው ለስላሳ ለሆነ፣ መበስበስ ጀምሮ የሚያምር መስመር ላወጣ፣ ወይም ግንዱ ላይ እንደ እባጭ ላደገ ጉጥ ነው። በቪዲዮ የምታያቸው ባለቀለም እጀታዎች አብዛኞቹ ከእንዲህ ዓይነት እንጨት የተሠሩ ናቸው። የነሱን መድኃኒት ላንቺ እንጨት አታውሺው።

ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ? ታደርቂያለሽ። በጅማ ዙሪያ ያረጀ ቡና ከለቀማ በኋላ ይጎነደላል። ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ትተው ከላይ ያለውን ይቆርጡታል። ብዙው ማገዶ ይሆናል። ከገበሬው በስምምነት ግዢው። በተቆረጠ በቀናት ውስጥ ጫፎቹን በቀለጠ ሰም ለብጪ፤ ውሃ በጫፍ በኩል ከጎኑ በጣም ፈጥኖ ስለሚወጣ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሰም ጅማ ላይ አይቸግርሽም። ግንዱን መሃል ለመሃል ሰንጥቂው፤ መሃሉ ላይ ያለው ልብ የገባበት እጀታ ይዋል ይደር እንጂ ይሰነጠቃል። የቡና ግንድ ቀጭን ስለሆነ ከአንድ ወፍራም እጀታ ይልቅ ግራና ቀኝ የሚለጠፉ ሁለት ቅጠሎች፣ ማለትም ስስ የእንጨት ቁራጮች፣ ማውጣት ይሻልሻል። ከሚፈለገው በላይ ወፈር አድርገሽ ቁረጪ። በመሃላቸው ቀጫጭን እንጨት እያስገባሽ ጥላ ውስጥ ደርድሪ።

ቆይታው ረጅም ነው። አናጢዎች 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ጣውላ አንድ ዓመት ብለው ይገምታሉ። የእጀታ ቅጠል ቀጭን ስለሆነ ይፈጥናል፤ ግን በግምት አትሂጂ። ግራም የሚያሳይ የኩሽና ሚዛን ግዢ። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቀንና ክብደት ጻፊ። ክብደቱ ለሳምንታት ካልቀነሰ ከጅማ አየር ጋር ተስተካክሏል ማለት ነው። ከዚያ አምፖል የገባበት፣ ከላይና ከታች ቀዳዳ ያለው የኮምፔንሳቶ ሳጥን ሠርተሽ 40 ዲግሪ ገደማ ላይ ጨርሺው። ለማረጋገጥ አንድ ቁራጭ መዝኚ፣ ምድጃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አድርቂ፣ እንደገና መዝኚ። 54 ግራም የነበረው 50 ከሆነ 4 ግራሙ ውሃ ነበር፤ ለ50 ሲካፈል 8 በመቶ ነው። ለቢላዋ እጀታ የምትፈልጊው እዚህ አካባቢ ነው። 65 የነበረው 50 ከሆነ ግን 30 በመቶ ነው፤ ይሄ ገና አልተነካም።

ይሄን ሁሉ የዘረዘርኩት ገበያ ስላየሁበት ነው። በደንብ የደረቀ፣ ክብደቱና ቀኑ የተጻፈበት እንጨት በራሱ ዕቃ ነው። ቢላዋውን ሳትሸጪ በፊት ለሌሎች አናጢዎች ልትሸጪው ትችያለሽ። እኔ የምክር ሥራ ከመጀመሬ በፊት በርና መስኮት የምሠራ አናጢ ነበርኩ፤ በኋላም የቴክኒክና ሙያ አሰልጣኝ ሆኛለሁ። ጎበዝ ልጆች ማሽን ገዝተው ሲዘጉ አይቻለሁ። እንጨት ማድረቅ የሚያውቅ ሰው ግን ሥራ ሲያጣ አላየሁም።

ስለ ዕቁቡ በግልጽ ልናገር። የእናትሽ ነው። ዕጣው ከወጣና ገንዘቡ ካለቀ በኋላ እናትሽ በየሳምንቱ መክፈል ይቀጥላሉ። አንቺ ደግሞ ቀጣዩን የደረቀ እጀታ ለማየት ወራት ትጠብቂያለሽ። የሁለቱ ጊዜ አይገጥምም። እናቴ ፈቅደዋል ማለትሽ ለኔ በቂ አይደለም። እናት ለልጅ እምቢ ማለት ይከብዳታል።

አባትሽንም እቃወማለሁ። ዲግሪ ይዞ እንጨት መፋቅ ውርደት ነው ማለታቸው ስህተት ነው። ከአንጥረኛ ጋር መታየትሽን መጥላታቸው ደግሞ ይብሳል። ብረት የሚሠራን ሰው በሥራው እንዳትሰድቡ ብለው አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል። ያ አንጥረኛ ባይኖር አንቺም እጀታሽን የምትገጥሚበት የለሽም። ዱባይ ሂጂ የሚሉት ገንዘቡ ለቤተሰብ ስለሚያስፈልግ ከሆነ በቀጥታ ይንገሩሽና ስንት እንደሚያስፈልግ ቁጭ ብላችሁ አስሉ። ያንን ግን የሙያ ምክር አያስመስሉት።

የባንክ ፈተናውን ተፈተኚ፤ ምንም አይጎዳሽም። ካልገባሽ ወይም ካልፈለግሽው፣ ደመወዝ የሚከፍል የቤት ዕቃ ማምረቻ ቤት ግማሽ ቀን ሥራ ጠይቂ። እንጨትሽ እስኪደርቅ ድረስ የምትበይው ታገኛለሽ፤ ቁርጥራጩም አይቸግርሽም።

ስለ ንግድ ፈቃድ የጠየቅሽውን የወረዳሽ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ጨርሺው። የኮሶ፣ የዝግባ፣ የጽድና የዋንዛ ጣውላ ደረሰኝ ከሌለው አትግዢ፤ እነዚህን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ክልክል ነው። እንጨት ስትሞርጂ አፍንጫና አፍሽን በደንብ የሚይዝ ኤን95 ማስክ አድርጊ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የተልባ ዘይት የቀባሽበትን ጨርቅ ጠቅልለሽ አትጣዪ፣ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘርግተሽ አድርቂው።

የዋሽንግተኗን ደንበኛ ዛሬውኑ ጻፊላት። እንጨቱ በደንብ አልደረቀም ነበር በያት። አራቱን በሚቀጥለው ዓመት በአዲስ እጀታ እንደምትተኪ ቃል ግቢላት፤ እስከዚያ የወጡትን ፒኖች በአሸዋ ወረቀት ታስተካክላቸው። ለእኔ ደግሞ የመጀመሪያውን ናሙና ከምድጃ በፊትና በኋላ የመዘነውን ግራም ላኪልኝ፤ አብረን እናሰላዋለን።