መልስ፦ ስልክ ቁጥር ሲሸጥ ደረሰኝ አይቆረጥም

«ኩባንያዎች የደንበኛን መረጃ ቢሸጡ ገበያው ራሱ ይቀጣቸዋል፤ መንግሥት ምን አገባው?» ብለው ጠይቀዋል። ደንበኛ የሚቀጣው ያየውን ጥፋት ነው። እኔ ለቅናሽ ካርድ ብዬ ለአንድ ሱቅ ቁጥሬን ከሰጠሁ ወዲህ፣ በስሜ እየጠሩ ቤት ሊሸጡልኝ የሚደውሉ በዝተዋል፤ ሱቁ ይሁን ሌላ፣ በምን አውቄ ልክሰስ? ስለዚህ ቁጥጥሩን እደግፋለሁ፤ ቅጣቱም የሚያም ይሁን። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለከባድ ጥሰት እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከኩባንያው ዓመታዊ ዓለም አቀፍ ገቢ እስከ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ያስቀጣል። በእኛም አገር የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስጋቴ ሌላ ነው፤ ከመታወቂያ እስከ ግብር የሁላችንንም መረጃ የሚሰበስበው መንግሥት ራሱ ሲያጠፋ፣ ይኸው መሥሪያ ቤት ደፍሮ ይጠይቀው ይሆን?